መንገድ በሌለበት አገር ለሚሄድ መኪና ሞተርንና አክስልን ስለ መምረጥ

ገበሬ በሬውን ከመጥመዱ በፊት ቀንበሩንና ምራኑን ይመረምራል፤ ብርቱ በሬ በደካማ ቀንበር ቢጠመድ የሚሰበረው ቀንበሩ ነውና። የመኪናም ነገር እንደዚሁ ነው። ሞተር ኃይልን ያስገኛል፤ አክስል ግን ያን ኃይል ተቀብሎ ለመንኰራኵሮች ያደርሳል፤ ሸክሙንም ይሸከማል። ስለዚህ ጭቃና ዳገት የሚወጣ መኪና ለመሥራት ያሰበ ሰው ሁለቱን አመዛዝኖ መምረጥ ይገባዋል።

ሞተር ሲመረጥ የፈረስ ጕልበቱ ብዛት ብቻ አይታይም። የፈረስ ጕልበት ለፍጥነት ይጠቅማል፤ ድንጋይና ዳገት ለመውጣት ግን ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚሰጠው የመጠምዘዝ ኃይል ይበልጣል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1941 መሠራት የጀመረው የዊሊስ ጂፕ ሞተሩ 2.2 ሊትር፥ ጕልበቱም 60 ፈረስ ብቻ ነበረ። ዳሩ ግን በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር 14.5 ኪሎግራም ሜትር ይጠመዝዝ ነበር፤ ይኸውም 1 ሜትር በሚረዝም ዘንግ ጫፍ ላይ 14.5 ኪሎ እንደ ማንጠልጠል ነው።

ይህ ኃይል በመንገዱ ላይ በማርሽ ይባዛል። በጂፑ አንደኛው ማርሽ 2.67 ጊዜ፥ የዳገቱ ተጨማሪ ማርሽ 1.97 ጊዜ፥ በአክስሉ ውስጥ ያለው ዲፈረንሻል 4.88 ጊዜ ያበዙታል። ሦስቱ ሲባዙ 25.7 ያህል ይሆናል። እንግዲህ በሰበቃ የሚጠፋው ሳይቈጠር ወደ አክስሎቹ 370 ኪሎግራም ሜትር ያህል ይደርሳል። ሁለት እጥፍ የሚጠመዝዝ ሞተር ቢገባበት 740 ይሆናል። አንዱ አክስል በጭቃ ሲንሸራተት ሌላው ድንጋይ ቢይዝ፥ አብዛኛው ኃይል በያዘው ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ ሴሚያስ የሚባለው፥ መንኰራኵሩን የሚያዞረው ዘንግ፥ ለትንሽ ሞተር የተሠራ ከሆነ ይቈረጣል።

ጉዳቱም እንደ አክስሉ ዐይነት ይለያያል። በአንደኛው ዐይነት ሴሚያሱ ከማዞር በቀር የመኪናውን ክብደት ጭምር ይሸከማል፤ ሲሰበር መንኰራኵሩ ወልቆ ሊሄድ ይችላል፤ በገደል አጠገብ ቢሆን የተሳፋሪዎቹ ነፍስ በአደጋ ላይ ይወድቃል። በሁለተኛው ዐይነት ክብደቱን የአክስሉ ቤት ይሸከማል፥ ሴሚያሱ ማዞር ብቻ ነው ሥራው፤ ቢሰበርም መንኰራኵሩ ከቦታው አይወጣም። የጂፑ የኋላ አክስል ከዚህ ዐይነት ነበረ፤ ከባድ ጭነት ለሚጭንም መኪና የሚመረጠው ይህ ነው።

የደጋ አገር ሰው ደግሞ አየሩን ያስብ። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፥ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። የጎማው መተለቅም የሚገፋውን ኃይል ይቀንሳል። ለዚህ መድኃኒቱ ሁልጊዜ ትልቅ ሞተር አይደለም፤ አክስሉ የሚችለው ከሆነ አብዝቶ የሚያባዛ ዲፈረንሻል ይበቃል። ነገር ግን የፊቱና የኋላው ቍጥር እኩል ይሁን፤ አለዚያ በደረቅ መሬት እርስ በርሳቸው እየታገሉ ማርሹን ይሰብራሉ።

እንግዲህ አስቀድሞ ሸክሙና መንገዱ ይታሰብ፤ ቀጥሎ ያን የሚችል አክስል ይመረጥ፤ በመጨረሻም ለአክስሉ የሚስማማ ሞተር ይግባ። አስተማሪዎች ይህን ስሌት በጥቍር ሰሌዳ ላይ ቢያሳዩ፥ ተማሪዎች ማባዛትን ሲማሩ ቍጥር የሰውን ሕይወት እንደሚጠብቅ አብረው ይረዳሉ።