የጎንደርን እምብርት በኮምፒውተር መልሶ ማቆም

ከአምባ ጊዮርጊስ ለገበያ፣ ለሕክምና ወይም ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚወርድ ሰው ፋሲል ግቢን አሳምሮ ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን ዛሬ የቆመውን ነው፤ ጣሪያው የወረደውን፣ ግድግዳው ብቻ የቀረውን፣ ፈርሶ የታደሰውን። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ሊማሊሞን ወጥቶ፣ የወገራን ሜዳ አቋርጦ ጎንደር ሲገባ ያየው ከተማ ሌላ ነበር። (እዚህ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ ንጉሥ በግቢው ይኖራል፣ ችሎት ይቀመጣል፣ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ የሣር ክዳን ያላቸው ጎጆዎች እስከ ወንዞቹ ዳር ድረስ ተደርድረዋል።

እንዲህ ያለውን የጠፋ ከተማ በኮምፒውተር መልሶ ማቆም ይቻላል። በሮም ተሠርቶ ታይቷል። ጣሊያናዊው አርክቴክት ኢታሎ ጂስሞንዲ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ጥንታዊቷን ሮም በጀሶ፣ ከእውነተኛው መጠን 250 ጊዜ አሳንሶ ቀረጻት። ከዚያ በኋላ በአሜሪካዊው ምሁር በርናርድ ፍሪሸር የተመራ ቡድን ከተማዋ በ320 ዓ.ም. የነበራትን መልክ በኮምፒውተር ሠርቶ በ2007 ለሕዝብ አሳየ። በሥራው ውስጥ 7,000 ገደማ ሕንፃዎች አሉ። በቁፋሮና በጽሑፍ ማስረጃ በዝርዝር የታወቁት ግን ጥቂት መቶዎቹ ብቻ ናቸው። የቀሩት በየሠፈሩ ስንት ቤት እንደነበረ ከሚናገሩ ጥንታዊ መዝገቦች ተነሥቶ በግምት የተሞሉ ናቸው። ይህን ልዩነት ልብ እንበል፤ ወደ ጎንደር ስንመጣ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና።

ሥራው ሁለት ነው። አንዱ የቆመውን መለካት ነው፤ ሌላው የጠፋውን በማስረጃ መመለስ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ሥራው ይበላሻል።

መለካቱን እናስቀድም። ፋሲል ግቢ 900 ሜትር ርዝመት ባለው የድንጋይ አጥር የተከበበ ነው። ፊት በር፣ ወምበር በር፣ ተዝካሮ በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር እያለ በየስሙ የሚጠራ 12 በር አለው። ይህን ሁሉ በሜትር ገመድ ለክቶ መጨረስ አይታሰብም። ባለሙያዎች ሌዘር ስካነር የሚባል መሣሪያ በሦስት እግር ላይ ያቆማሉ። መሣሪያው እየዞረ የብርሃን ጨረር ይልካል፤ ጨረሩ ግድግዳውን ነክቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ አስልቶ ርቀቱን ይመዘግባል። በአንድ ሰከንድ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦችን ይወስዳል። ከዚያ መሣሪያው ወደ ሌላ ማዕዘን ይዛወራል፤ ከየቦታው የተገኙት ነጥቦች ሲጋጠሙ የሕንፃው ቅርጽ በነጥብ ብቻ ተሥሎ ስክሪን ላይ ይታያል።

ሁለተኛው መንገድ ፎቶግራሜትሪ ይባላል። ዋጋው ረከስ ያለ ነው፤ ጥሩ ካሜራ፣ አንዳንዴም ስልክ ይበቃዋል። አንዱን ግድግዳ እየተራመዱ ደጋግመው ያነሡታል፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከፊተኛው ጋር ቢያንስ ግማሹን፣ ይበልጡኑም ሁለት ሦስተኛውን መጋራት አለበት። ኮምፒውተሩ በሁለቱም ፎቶ ላይ የሚታየውን አንድ ድንጋይ፣ አንድ ስንጥቅ እየፈለገ ካሜራው የት ቆሞ እንደነበር ያሰላል፤ ከዚያም የድንጋዩን ቦታ ያገኛል። መጠኑ እንዳይሳሳት ቀያሾች ቶታል ስቴሽን በሚባል የቅየሳ መሣሪያ የለኳቸው ምልክቶች ግድግዳው ላይ ይቀመጣሉ። ከላይ ያለውን ጣሪያና ጉልላት ለማንሣት ድሮን ያስፈልጋል፤ ድሮን ለማብረር ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው።

ጎንደር ላይ ይህ ሥራ የራሱ ፈተና አለው። የፋሲል መዋኛን አስቡት። የዛፎቹ ሥር ግድግዳውን አቅፎ በድንጋዮቹ መካከል ገብቷል። ነፋስ ሲነፍስ ቅጠሉ ይንቀሳቀሳል፤ በአንዱ ፎቶ የነበረበት ቦታ በሌላው ላይ ስለማይገኝ ኮምፒውተሩ ይስታል። ለጥምቀት ውኃ ሲሞላ ደግሞ የውኃው ገጽ ሰማዩን ስለሚያንጸባርቅ ወለሉ ፈጽሞ አይለካም። ስለዚህ ገንዳው ደረቅ ሆኖ፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ሰማዩ በስሱ ደመና ሲሸፈን ማንሣት ይሻላል። ጠንካራ ፀሐይ ጥላ ይጥላል፤ ጥላው እየተጓዘ የድንጋዩን መልክ ይቀይራል።

የቆመውን ብቻ ለክቶ ማስቀመጥ ምን ይፈይዳል ለሚል፣ ፓሪስ መልስ አላት። የኖትርዳም ካቴድራል በ2019 ሲቃጠል፣ አንድሩ ታሎን የተባለ የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህር ከዓመታት በፊት ሕንፃውን በሌዘር ለክቶ ትቶት ነበር፤ የእሱ መረጃ ለጥገናው ከረዱት አንዱ ሆነ። በአገራችንም የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በደቡብ አፍሪካው ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በሌዘር ተለክተዋል። በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፋሲል ግቢም ይህ ይገባዋል።

ሁለተኛው ሥራ ከባዱ ነው። የታላቁ ኢያሱን ግንብ እንመልከት። የ1704ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል፤ በ1941 እንግሊዞች ጣሊያንን ለማስወጣት ሲዋጉ የጣሉት ቦምብ ደግሞ ጨምሮ አፈረሰው። ውስጡ በዝሆን ጥርስ፣ በመስተዋትና በወርቅ ያጌጠ እንደነበር ይነገራል። ግን ጌጡ የትኛው ክፍል ላይ ነበር? መስተዋቱ ስንት ነበር? ድንጋዩ አይነግረንም። ሞዴሉን የሚሠራው ሰው ክፍሉን በወርቅ ቢሞላው ተመልካች ይደሰታል፣ ልጆችም እንደዚያው ያምናሉ። ባዶ ቢተወው ደግሞ የጥንቱ ወሬ ሁሉ ሐሰት የሆነ ይመስላል። እኔ የምደግፈው ሦስተኛውን መንገድ ነው፤ በአካል የቆመው በአንድ ቀለም፣ በጽሑፍ ብቻ የታወቀው በሌላ ቀለም፣ ግምቱ ደግሞ ፈዝዞ እንዲታይ ማድረግ፤ ተመልካቹም ግድግዳውን ሲነካ ማስረጃው ምን እንደሆነ እንዲያነብ።

ምስክሮቹም ቢሆኑ አይስማሙም። ብሩስ የንጉሡን ቤት አራት ፎቅ የነበረ፣ ማዕዘኖቹ ላይም አራት ማዕዘን ግንቦች ያሉት አድርጎ ጽፎታል። በየጊዜው እየተቃጠለ ብዙው ክፍል እንደፈረሰ፣ የንጉሡ አዳራሽም ከ120 ጫማ፣ ማለትም ከ36 ሜትር በላይ እንደሚረዝም ይናገራል። ዛሬ የምናየው የፋሲል ግንብ ግን ማዕዘኖቹ ላይ ክብ ግንቦች፣ በላያቸውም ጉልላት አለው፤ አንድ ጎኑም 25 ሜትር ገደማ ነው። 36 ሜትር አዳራሽ እዚያ ውስጥ አይገባም። ብሩስ ከዓመታት በኋላ አገሩ ተቀምጦ ሲጽፍ ተሳሳተ? ወይስ የሌላውን ንጉሥ ቤት ከዚህ ጋር ቀላቀለው? ኮምፒውተር ይህን አይፈታም፤ ግን የብሩስን ቃል በተለካው ግንብ ላይ አስቀምጦ የት ላይ እንደሚጣላ በግልጽ ያሳያል። የሞዴል ትልቁ ጥቅም ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

ዓመት መምረጥም ግድ ነው። በ1680 የሚቆም ሞዴል የፋሲልን ግንብ ይይዛል፤ የኢያሱም፣ የበካፋም፣ የእቴጌ ምንትዋብም ግንብ ግን አይኖርበትም። በ1770 ከሆነ ሁሉም አሉ፤ የኢያሱ ግንብ ግን መሬት መንቀጥቀጡ ካገኘው በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አፄ ቴዎድሮስ በ1866 ከተማውን አቃጠሉ፤ በ1888 የሱዳን መሐዲስቶች ጦር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አጠፋ፤ ከትልልቆቹ የተረፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ጣሊያኖችም በቆይታቸው ግንቦቹን ሲጠግኑ መልካቸውን የለወጡበት ቦታ አለ። ሁሉንም ዘመን በአንድ ሥዕል ያጨቀ ሞዴል በየትኛውም ቀን ያልነበረ ከተማ ነው። እኔ 1770ን እመርጣለሁ፤ ንጉሥ በግቢው ይኖር ነበር፣ በዓይኑ አይቶ የጻፈም ሰው አለ።

ከአጥሩ ውጭ ያለው ከተማስ? እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት፣ እስላም ቤት የሚባሉት ሠፈሮች ከጭቃና ከእንጨት፣ ከድንጋይም የተሠሩ ቤቶች ነበሯቸው፤ ክዳናቸው ሣር ስለሆነ እሳት በልቷቸዋል። ሮም የከተማዋ ካርታ የተቀረጸበት የእብነ በረድ ግድግዳ ነበራት፤ ስብርባሪው ዛሬም ይጠናል። ጎንደር ግን ሌላ ሀብት አላት። በየቤተ ክርስቲያኑ መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ እገሌ ለእገሌ ቤቱን ሸጠ፣ ምስክሮቹም እነ እገሌ ናቸው የሚሉ ውሎች ተጽፈዋል። እነዚህን ውሎች አንድ በአንድ ያሰባሰበ ሰው ማን የት እንደኖረ ማወቅ ይጀምራል። ሆኖም ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ ጎንደር የሉም፤ አፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ወሰዷቸው፣ በ1868 እንግሊዞች ከዚያ ጭነው ሄዱ፣ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ስለዚህ የጎንደርን ሠፈሮች መልሶ ማቆም ግእዝ የሚያነብ ሰው ይፈልጋል። ኮምፒውተር የሚችል ወጣት ብቻውን አይወጣውም፤ ከመሪጌታ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለበት።

ይህን ለመጀመር የውጭ ገንዘብ መጠበቅ አያሻም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መሬት ቀያሾችን ያስተምራል፤ ጎንደርም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ልምምዱ ከግንብ ባይጀምር ይመረጣል። በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ገጠር ያሉ ክብ አብያተ ክርስቲያናት መጀመሪያ ክዳናቸው ከሣር ወደ ቆርቆሮ ተለወጠ፤ አሁን ደግሞ በአማራ ክልል ብዙ ቦታ ሙሉ ሕንፃቸው በብሎኬትና በሲሚንቶ እየተተካ ነው። አሮጌው ከመፍረሱ በፊት ካህናቱን አስፈቅዶ ዙሪያውን በስልክ ማንሣት ይቻላል፤ ሲያነሡ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ግድግዳው ሥር ማቆም አይረሳ፤ መጠኑ ከእሱ ይሰላል።

አንባቢም የሚያደርገው አለ። በየቤቱ፣ በአምባ ጊዮርጊስም ቢሆን፣ በትምህርት ቤት ጉብኝት ወይም በጥምቀት ፋሲል ግቢ የተነሡ አሮጌ ፎቶዎች ይኖራሉ። ከሰዎቹ ጀርባ የሚታየው ግድግዳ ከጥገና በፊት ምን ይመስል እንደነበር ይናገራል። እነዚያን ፎቶዎች አትጣሏቸው። በጀርባቸው ዓመቱንና የተነሡበትን በር ጻፉ፤ ቅጂውንም ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ወይም ለከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ስጡ።