ስልክም ጓዳ አለው

በወግዲ ባላገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ከመደቡ ላይ ቍርበት ይነጠፍለታል፤ ቡናው ይፈላል፤ ቈሎው ይቀርባል። ከጓዳ ግን አይገባም። ይህን ሕግ ማንም በወረቀት አልጻፈውም፤ ሆኖም ገና በጕልበቱ ከሚድኸው ሕፃን በቀር የማያውቀው የለም። በጓዳው ውስጥ ጎታው ቆሟል። የቀረው እህል ስንት ቁና እንደሚወጣው፥ ቅቤው በየትኛው ቅል እንዳለ፥ ለክፉ ቀን የተቋጠረው ገንዘብ በየትኛው ጨርቅ እንደ ታሰረ የምታውቀው የቤቱ እመቤት ናት። እንግዳውም ጓዳውን ባለማየቱ አይከፋም፤ ክብሩ ከመደቡ ላይ ነው እንጂ ከጎታው ሥር አይደለምና።

ወግዲ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ዳር፥ ከቦረናና ከከላላ ተጎራብቶ፥ በዓባይ ሸለቆ ማዶ ጎጃምን የሚያይ አገር ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ቡና ተጠራርቶ፥ በደስታና በኀዘን ተረዳድቶ ይኖርበታል። ከዚህ አካባቢም ሆነ በጠቅላላው ከወሎ ብዙ ልጆች፥ ይልቁንም ሴቶች ልጆች፥ ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች ሄደዋል። የሚልኩትም ገንዘብ ለቤት ክዳን ቆርቆሮ፥ ለበሬ መግዣና ለታናሽ ወንድም ደብተር ይሆናል። ዛሬ እንዲህ ያለው ገንዘብ ሁሉ በጨርቅ አይቋጠርም። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ጀመረ፤ ሳፋሪኮምም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ኤምፔሳን አስከተለ። ስለዚህ ጓዳው ከቤት ወጥቶ በእመቤቲቱ መቀነት ውስጥ ገብቷል ለማለት ይቻላል። የዚህም ጓዳ መዝጊያ ጥቂት አኀዞች ያሉት የምስጢር ቍጥር ነው።

የሚያስገርመው ታዲያ፥ እንግዳን ከጓዳቸው የማያስገቡ እናቶች ከሱቅ ደጃፍ ቆመው የምስጢር ቍጥራቸውን ጮክ ብለው መናገራቸው ነው። ከኋላቸው ተራ የሚጠብቀውም ሰው አብሮ ይሰማል። አንዳንድ ጊዜም ቍጥሩ በስልኩ ጀርባ በተለጠፈ ፕላስተር ላይ፥ ወይም በከሰል ከግድግዳው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ይህን የምናነሣው ለመሳቅ አይደለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፊደል ያልቈጠረ ሰው በስልኩ የመጣለትን ቃል የሚያነብለት ይፈልጋል፤ አንባቢውም አብዛኛውን ጊዜ የጎረቤት ተማሪ ነው። በዚህም የተነሣ እርዳታ መጠየቅና ቁልፍ ማስረከብ ተቈራኝተው እንደ አንድ ነገር ተቈጠሩ። እኛ ግን ሊለያዩ እንደሚችሉ እናምናለን።

ቀድሞ ደብዳቤም በሌላ ሰው ዐይን ይነበብ ነበር። ልጁ ከአሰብ ወይም ከአዲስ አበባ የላከውን ወረቀት አባትየው በኪሱ ይዞ ወደ ቄሱ፥ ወደ ሼኩ ወይም ወደ ተማሪው ይሄዳል። አንባቢው የሰማውን በሆዱ እንዲይዝ ይጠበቅበታል፤ ወሬውን ቢያወጣ ሁለተኛ ደብዳቤ የሚሰጠው የለም። ሕጉም ይህን ዘንግቶ አላለፈም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ31ኛው አንቀጽ፥ የምስጢር ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ እንዳይገልጠው ይደነግጋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ26ኛው አንቀጽ ደብዳቤን ብቻ ሳይሆን በቴሌፎንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረገውን ግንኙነት ጭምር እንዳይደፈር ይጠብቃል። ይሁን እንጂ በደብዳቤውና በምስጢር ቍጥሩ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ደብዳቤ ያነበበ ሰው ቢበዛ ወሬ ይዞ ይሄዳል። ቍጥር የሰማ ሰው ግን ስልኩ ከእጁ በገባ ጊዜ ጎታውን ሊገለብጠው ይችላል።

ደግነቱ፥ ፊደል ያልቈጠረ ሁሉ አኀዝ አያውቅም ማለት አይደለም። ገበያ የሚውል ሰው በብሩ ላይ ያለውን ቍጥር ይለያል፤ ስልክ የሚደውልም ሰው ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን መነካካት ለምዷል። እንግዲያስ ረዳቱ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ ቴሌብሩን ይክፈት፤ ምርጫውን ያንብብ፤ የተቀባዩን ስልክና የገንዘቡን ልክ ይጻፍ። ተቀባዩ ማን እንደ ሆነ፥ ብሩም ስንት እንደ ሆነ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ይናገር። የምስጢር ቍጥሩ ሲጠየቅ ግን ስልኩን ለባለቤቲቱ መልሶ ፊቱን ያዙር፤ እርሷ በገዛ አውራ ጣቷ ትጽፋለች። እጅ እስኪለምድ ድረስ ስልኩን አጥፍቶ ቁልፎቹን በቅደም ተከተል መነካካት ይጠቅማል፤ ሁለት ሦስት ምሽት ከምድጃ ዳር ቢሞከር ይበቃል። ቍጥሩም የልደት ዓመት ወይም አንድ ሁለት ሦስት አራት አይሁን፤ ሌባ አስቀድሞ የሚሞክረው ይህንኑ ነውና። ፊቱን እንዲያዞር የተጠየቀ ረዳት ቅር ቢለውስ? ጓዳ ያልገባ እንግዳ ቅር እንደማይለው ሁሉ እርሱም ይለምደዋል። እንዲያውም አንድ ቀን ገንዘብ ቢጠፋ ከሐሜት የሚያድነው ይኸው ነው።

ባልና ሚስት ቍጥሩን ተማምነው ቢካፈሉት የራሳቸው ጕዳይ ነው፤ በዚህ የምንገባበት ምክንያት የለንም።

ወደ ገበያው ደግሞ እንሻገር። ቅቤ ልትገዛ የወጣች ሴት ከላይ ያለውን ብቻ አይታ ገንዘቧን አትቈጥርም፤ ከሥሩ ቈንጥራ ታሸታለች፤ ትቀምሳለች። ጤፍ የሚሸምት ሰው እጁን እስከ ጆንያው ወገብ ይሰዳል፤ ከላይ ማኛ ሆኖ ከታች አሸዋ የተቀላቀለበት እንዳይሆን ይፈራልና። ሻጩም አይቈጣም። «ጠርጥር፥ ገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» የሚለው አባባል የወጣው ከእንዲህ ያለው ኑሮ ነው። «ሰው ማመን ቀብሮ» የሚለውን ግን እኛ አጥብቀን አንወደውም፤ በዚያ ቃል የሚመራ አገር ቅሬም ሆነ ደቦ ሊኖረው አይችልም። መጠርጠር ሰውየውን መጥላት አይደለም፤ ዕቃውን ማየት ነው።

ይህች ገበያ ላይ እንዲህ የነቃች ሴት፥ ስልኳ ጮኾ አንድ ለስላሳ ድምፅ «እንኳን ደስ አለዎት፥ ዕጣ ደርሶዎታል፤ ገንዘቡን እንድናስገባልዎ የምስጢር ቍጥርዎን ይንገሩን» ሲላት ለምን እጇን ወደ ጆንያው አትሰድም? ያልቈረጡት ዕጣ አይወጣም። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ቁልፍ አይጠይቅም፤ የሚወስድ ነው እንጂ። ሁለተኛው ተንኰል ደግሞ ከዚህ ይረቃል። «ገንዘብ ገብቶልዎታል» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ወዲያው አንድ ሰው ደውሎ በስሕተት የላክሁት ነውና መልሱልኝ እያለ ያለቅሳል። ጽሑፉን ግን ማንም ከራሱ ስልክ ሊጽፈው ይችላል። የሚታየው ጽሑፉ ሳይሆን ቀሪው ሒሳብ ነው። ከፍተው ሲያዩት ገንዘቡ ካልጨመረ ለቅሶውም የተገዛ ቅቤ ነው። በእርግጥ ጨምሮ ቢገኝ እንኳ ላኪው ለድርጅቱ አመልክቶ በዚያ በኩል ይመለስለት።

አታላዩ የሰውን ስምና የልጅን አገር ከየት ያውቃል? ብዙ ጊዜ ከእኛው አፍ ነው። በወሎ ቡና ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ በሦስቱም መካከል «ልጄ ከሪያድ ይህን ያህል ላከችልኝ» መባሉ አይቀርም። ደስታ ስለ ሆነ ይነገራል፤ ጎረቤትም ይመርቃል። ቡናውን አንነቅፍም፤ ነገር ግን የላከችው ገንዘብ ልክና የገባበት ስልክ ከምርቃቱ ጋር ምን ያገናኘዋል? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ፥ ቍጥሩ 1321፥ የሰውን ስም፥ ስልክና መታወቂያ የሚሰበስቡ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች እንዴት ሊይዙት እንደሚገባ ወስኗል። ባለቤቱ ራሱ ከረከቦቱ ዙሪያ ያወጣውን ግን ዐዋጅ አይመልሰውም። የልጅቱን የፓስፖርት ገጽ ፎቶግራፍ «እዩልኝ» እያሉ ከስልክ ወደ ስልክ ማስተላለፍም እንዲሁ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ሌሊት የሚመጣው ጥሪ ነው። «እማማ፥ ልጅዎ ተይዛለች፤ እስከ ነገ ይህን ያህል ብር ካልተላከ አትለቀቅም።» ከኋላ የሴት ልጅ ለቅሶ ይሰማል። ይህ ሁልጊዜ ሐሰት ነው እንዳንል፥ በስደት መንገድ ላይ አጋቾች ሰው ይዘው ለቤተ ሰቡ እየደወሉ ገንዘብ መጠየቃቸው የታወቀ እውነት ነው። በሬ የተሸጠበት፥ መሬት በወለድ አገድ የተያዘበት ቤት ብዙ ነው። ደግሞም በዚሁ ፍርሃት የሚነግድ፥ ልጅቱን ዐይቷት የማያውቅ አታላይ አለ። ሁለቱን በድምፅ መለየት አይቻልም፤ ለቅሶ ሁሉ አንድ ነው፤ የእናትም ልብ በዚያ ሰዓት አይመረምርም።

ስለዚህ ምርመራው ልጅቱ ከመሄዷ በፊት፥ ስንቋ በሚሰናዳበት ሰሞን ማለቅ አለበት። እናትና ልጅ ብቻቸውን ሆነው አንድ ጥያቄ ይስማሙ፤ መልሱ በፌስቡክ ላይ የሌለ፥ ጎረቤትም የማይገምተው ይሁን። ለምሳሌ ልጅቱ በልጅነቷ ስትጠብቃት የነበረችው ጥጃ ስም ማን ነበር? ወይም መጀመሪያ የጋገረችው እንጀራ ምን ሆነ? የደወለው ሰው «አሁን ለመነጋገር አትችልም» ቢል «መልሱን ብቻ አምጣልኝ» ይባላል። መልሱ ካልመጣ ስልኩ ይዘጋና በራሷ ቍጥር ይደወላል፤ በዚያው ከተማ ያለች የአገሯ ልጅም ትጠየቃለች። መልሱ ትክክል ሆኖ ከመጣ ልጅቱ በእርግጥ በእጃቸው አለች ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ዘመድ ይጠራል፤ ፖሊስም እንዲያውቀው ይደረጋል።

ጥያቄውን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ምናልባት እናትየው ብትታመም አንድ የታመነ ወንድም ይጨመራል። አንድ ጊዜ በስልክ የተጠየቀና የተመለሰ ጥያቄ ግን ሰምቶታልና ሁለተኛ አያገለግልም፤ ልጅቱ በደኅና በደወለችበት ቀን በሌላ ይለወጣል።