በጨዋማ ውኃ የዓሣ ገንዳ ውስጥ የሚገኙ ትሎች፦ ገዳዮች ወይስ ጽዳተኞች?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሳሎን ውስጥ የጨዋማ ውኃ የዓሣ ገንዳ፣ በተለምዶ አጠራሩ አኳሪየም፣ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። መስታወቱን የመወልወሉና ዓሦቹን የመመገቡ ሥራ አንዳንድ ጊዜ በቤት ሠራተኛዋ ላይ ይወድቃል። መብራት ከጠፋ በኋላ ከድንጋዮቹ ሥር ቀስ ብሎ የሚወጣውን፣ መቶ እግር የሚመስለውንና በሁለቱም ጎኑ ነጫጭ ፀጉር የደረደረውን ትል መጀመሪያ የምታየውም እርሷ ልትሆን ትችላለች። ብዙዎች ያን ጊዜ በእጃቸው አውጥተው ሊጥሉት ይቃጣቸዋል፤ ይህ ግን መደረግ የሌለበት ነው።

ትሎቹ ወደ ገንዳው የሚገቡት በባሕር ድንጋይና በኮራል ቀዳዳዎች ተደብቀው ነው። ቀን ተሸሽገው ውለው ሌሊት የተረፈ ምግብ፣ ኩስና የሞተ እንስሳ ይለቅማሉ። ጠዋት አንድ የሞተ ዓሣ በትሎች ተወርሮ ሲገኝ ጥፋቱ በእነርሱ ላይ ይለጠፋል። ይሁንና ጥንብ አንሳ በሬሳ ላይ በመገኘቱ ገዳይ እንደማይባል ሁሉ፣ ብዙውን ጊዜ ዓሣው ቀድሞ የሞተው በበሽታ ወይም በውኃው መበላሸት ነው። ሬሳው በቶሎ መበላቱም ለገንዳው ይጠቅማል፤ የሚበሰብስ ሥጋ አሞኒያ ያመነጫል፣ አሞኒያም በጥቂቱ እንኳ ለቀሩት ዓሦች መርዝ ነው።

የትሎቹ ብዛት የሚወሰነው በሚያገኙት ምግብ ልክ ነው። ስለዚህ ቁጥራቸው በድንገት ቢጨምር መጠየቅ ያለበት መጋቢው ነው። ዓሦቹ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ መስጠት፣ ከበረዶ የወጣን ምግብ አቅልጦና አለቅልቆ መጨመር፣ በአሸዋው ላይ የተጠራቀመውን ዝቃጭ ውኃ ሲለወጥ መምጠጥ ይገባል። ከሳምንታት በኋላ ትሎቹ ራሳቸው ይቀንሳሉ። መቸኮል ካስፈለገ በትንሽ ቱቦ ውስጥ ቁራጭ ሽሪምፕ አድርጎ ማታ ማስቀመጥና ጎሕ ሳይቀድ ማውጣት ይበቃል። በገንዳው ውስጥ መቆራረጥ ግን ከንቱ ነው፤ ከእነዚህ ትሎች አንዳንዶቹ ከቁራጫቸው እንደገና ያድጋሉ። ትል የሚገድል መድኃኒት መጨመርም የባሰ ነው፤ በድንጋዩ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሞቱት ትሎች በስብሰው ዓሦቹን ይዘው ይሄዳሉ።

በእርግጥ ሁሉም ትል ምስጉን አይደለም። ወፍራምና በጎኑ ቀያይ ጉንጉኖች ያሉት የእሳት ትል ሕያው ኮራል ይበላል። ፀጉሩ የሳሳ፣ በራሱ ላይ አምስት አንቴናዎች ያሉት፣ ቆዳው እንደ ቀስተ ደመና የሚያብለጨልጭና ጠንካራ መንጋጋ ያለው ሌላው ወገን ደግሞ አዳኝ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ኒውኬይ ከተማ በሚገኝ የሕዝብ አኳሪየም ኮራሎች እየተቆረጡ ሲገኙ ሠራተኞቹ ወጥመድ አኑረው አልተሳካላቸውም፤ በመጨረሻ ድንጋዩን አንድ በአንድ ሲያነሡ ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም እንዲህ ያለ ትል አገኙ። እንዲህ ያለውን ከነድንጋዩ ማውጣት ይሻላል።

አሁን ወደ እጅ እንመለስ። ነጫጩ ፀጉር እንደ ቁልቋል እሾህ በቆዳ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል፤ ያቃጥላል፣ ያሳክካል፣ ያሳብጣል። ስለዚህ ያለ ወፍራም የጎማ ጓንት እጅን ወደ ድንጋዮቹ መስደድ አይገባም። የተወጋ ሰው ቦታውን ማሸት የለበትም፤ ፀጉሩን ይበልጥ ያስገባዋል። የሚጣበቅ ፕላስተር ለጥፎ በቀስታ መላጥ፣ የቀረውን በወረንጦ መንቀል፣ ከዚያም በኮምጣጤ ወይም በአልኮል ማጠብ ነው። እብጠቱ ከተስፋፋ፣ ዓይን ከተነካ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው አደጋ ከትሉ የሚመጣ አይደለም። ትሉን ለመግደል ሲሉ ድንጋዩን አውጥተው የሚቀቅሉ ወይም የፈላ ውኃ የሚያፈሱበት ሰዎች አሉ። በድንጋዩ ላይ አበባ መስለው ከሚበቅሉት ዞአንቲድ ከተባሉ እንስሳት አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ብርቱ መርዝ ይይዛሉ፤ ማፍላት አያከሽፈውም፣ ከእንፋሎቱ ጋር ተነሥቶም በቤቱ ያሉትን ሁሉ ለትንፋሽ ማጠርና ለትኩሳት ይዳርጋል። ድንጋዩን በደረቁ በብሩሽ መፈግፈግም እንዲሁ ያሰጋል። አሠሪ እንዲህ ያለ ሥራ ቢያዝ አደጋውን አስረድቶ በገንዳ ጥገና ልምድ ያለው ባለሙያ እንዲጠራ መጠየቅ ተገቢ ነው።