ዐቢይ ቀመርና 532 ቁጥር

ልጆች፣ ጥምቀት ዘወትር ጥር 11 ቀን ነው። ትንሣኤ ግን ቀኑ ይለዋወጣል፤ በ2018 ዓ.ም. ሚያዝያ 4 ቀን ዋለ። የመለዋወጡ ሥርዓት ግን ዝም ብሎ አይደለም፤ 532 ዓመት ሲሞላ ሁሉም እንደ መጀመሪያው ይሆናል። ይህን አባቶቻችን ዐቢይ ቀመር ይሉታል።

ቁጥሩ ከየት መጣ? ጨረቃ በ19 ዓመት ወደ መነሻዋ ትመለሳለች። የሳምንቱ ዕለታት 7 ናቸው፤ ጳጉሜን ደግሞ በ4 ዓመት አንድ ጊዜ 6 ቀን ትሆናለች። 7 በ4 ሲባዛ 28፣ 28 በ19 ሲባዛ 532 ነው።

ለምን ይባዛል? አንድ ነጋዴ ከጎባ ወደ ሪራ በየ4 ቀኑ፣ ሌላው ከደሎ መና በየ6 ቀኑ ይመጣል እንበል። ዛሬ ቢገናኙ፣ ዳግመኛ የሚገናኙት በ24ኛው ቀን ይመስላችኋል? አይደለም፤ በ12ኛው ነው! 4ም 6ም ለ2 ይካፈላሉና። ሁለተኛው በየ7 ቀኑ ቢመጣ ግን እስከ 28ኛው ቀን አይገናኙም፤ 4ንና 7ን እኩል የሚያካፍል ከ1 በቀር ሌላ ቁጥር የለም። 19ና 28ም እንደዚሁ ናቸው፤ ስለዚህ ከ532 በፊት አይገናኙም።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። በ2018 ላይ 5500 ጨምሩ፤ ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። ለ532 ስታካፍሉት 14 ጊዜ ደርሶ 70 ይተርፋል። እንግዲህ 2018 የ15ኛው ዐቢይ ቀመር 70ኛ ዓመት ነው ማለት ነው። ከ2018 ላይ 532 ቀንሱ፤ 1486 ይመጣል። በዚያም ዓመት ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ነበረ። በ2550ም እንዲሁ ይውላል። የተወለዳችሁበት ዓመት በዐቢይ ቀመሩ ስንተኛው እንደሆነ ደግሞ ራሳችሁ አስሉ።