ያውቁ ኖሯል? የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ

የአዲስ አበባው አንበሳ ግቢ ስድስት ኪሎ የሚገኝ፣ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ሲጎበኝ የኖረ የቤተሰብ መዝናኛ ነው። ግቢው የተቋቋመው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ነው።

ቆም ብሎ ማየት የሚገባው የወንዱን አንበሳ ጎፈር ነው። ወደ ጥቁር የሚያደላው ጠጉር ከራሱ ተነሥቶ፣ ደረቱን ሸፍኖ እስከ ሆዱ ሥር ይወርዳል። ሲያገሳ ደግሞ በአባቱ ትከሻ ላይ ያለ ሕፃን ሁለቱን ጆሮዎቹን ይደፍናል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ከጀርመንና ከእንግሊዝ የመጡ ተመራማሪዎች በግቢው ከነበሩት አንበሶች የ15ቱን ዘረመል መርምረው፣ ካነጻጸሯቸው ሌሎች አንበሶች የተለዩ ሆነው አገኟቸው። እንዲህ ያለ ሀብት ሊጠፋ አይገባም፤ ሆኖም የአንበሶቹ ቁጥር ጥቂት በመሆኑ የቅርብ ዘመዳሞች እርስ በርስ ይራባሉ፣ ይህም ዘሩን ያዳክማል። ተመራማሪዎቹ በጥናት የተደገፈ የማራባት ሥራ እንዲጀመር መክረዋል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ጥቁር ጎፈር አንበሶች በታላቁ ቤተ መንግሥት አንድነት ፓርክም ይታያሉ።