ቁጥሩ ምን ያህል ይሸከማል? የመለኪያ ዓይነቶች ዳሰሳ

አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ አንድ በር ላይ 412 የሚል የቤት ቁጥር ቢለጠፍ፣ ቤቱ ከ206 ቁጥር ቤት እጥፍ ይበልጣል የሚል ሰው አይገኝም። ቁጥሩ ስም ሆኖ ነው የሚያገለግለው። በቆጠራ ቅጽ ላይ ሃይማኖት፣ ጾታና የአፍ መፍቻ ቋንቋ በኮድ ሲሞሉም እንደዚያው ነው፤ ኮዶቹን ብናለዋውጥ ምንም አይጎድልም። በዚህ ዓይነቱ መረጃ መጠየቅ የሚቻለው የትኛው ይበዛል፣ ምን ያህል በመቶ ነው የሚለውን ብቻ ነው። ኮዶቹን ደምሮ አማካይ ማውጣት ትርጉም የለውም፤ ኮምፒውተር ግን ከታዘዘ ያወጣዋል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ስታንሊ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1946 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ መለኪያዎችን በአራት ከፈላቸው፤ ኖሚናል፣ ኦርዲናል፣ ኢንተርቫልና ሬሾ። የስታቲስቲክስ ተማሪ ዛሬም በመጀመሪያው ኮርስ የሚማረው ይህንኑ ነው። የቤት ቁጥሩ ኖሚናል ነው።

ብዙ ስህተት የሚፈጸመው ኦርዲናል ላይ ይመስለኛል። ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ቡና ደረጃ 1፣ ደረጃ 2 እየተባለ ሲለይ ቅደም ተከተሉ ይታወቃል፤ በ1 እና በ2 መካከል ያለው ልዩነት በ3 እና በ4 መካከል ካለው ጋር እኩል መሆኑን ግን ቁጥሩ አይናገርም። የተገልጋይ እርካታ መጠይቅም እንዲሁ ነው። «በጣም ረክቻለሁ» 5፣ «ምንም አልረካሁም» 1 ይሰጠውና ሪፖርቱ ላይ «አማካይ እርካታ 3» ተብሎ ይጻፋል። ግማሹ ተገልጋይ 5፣ ግማሹ 1 ቢሰጥም አማካዩ ያው 3 ነው፤ ሁሉም 3 ቢሰጡም 3 ነው። ቢሮው ማወቅ ያለበት የትኛው እንደሆነ ነው። ብዙ ጥያቄዎች ተደምረው ሲነበቡ አማካይ መጠቀም ይቻላል የሚሉ ምሁራን አሉ፤ መከራከሪያቸውም ቀላል አይደለም። ቢሆንም በየደረጃው ስንት ሰው እንዳለ ከጎኑ ሳያሳይ አማካይ ብቻ የሚያቀርብ ሪፖርት ተገልጋዩን ይበድላል።

ኢንተርቫልን ለማስረዳት የእኛ ዘመን አቆጣጠር ይበቃል። የዓድዋ ድል 1888 ዓ.ም.፣ ፋሺስት ጣልያን አዲስ አበባ የገባው 1928 ዓ.ም. ነው፤ ልዩነቱ 40 ዓመት። በፈረንጆቹ 1896 እና 1936፤ ልዩነቱ አሁንም 40። መነሻው ይለያያል፣ ርቀቱ አይለያይም። ሰዓትም እንደዚያው ነው፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት «የ2 ሰዓት እጥፍ ነው» ብንል፣ በፈረንጅ ሰዓት 10 እና 8 ሲሆኑ አባባሉ ይፈርሳል።

ሬሾ ግን እውነተኛ ዜሮ አለው። ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብተው ሚዛኑን ይመልከቱ፤ ምንም ሳይጫንበት ዜሮ ያነባል፣ ዜሮ ማለትም ወርቅ የለም ማለት ነው። ስለዚህ 6 ግራም በእርግጥ የ3 ግራም እጥፍ ነው። ካራትም ከ24 እጅ ስንቱ ንጹሕ ወርቅ እንደሆነ ስለሚናገር ይባዛል፣ ይካፈላል፤ 18 ካራት 75 በመቶ፣ 21 ካራት 87.5 በመቶ። 8 ግራም የሚመዝን የ18 ካራት ቀለበት 6 ግራም ንጹሕ ወርቅ ሲይዝ፣ የ21 ካራቱ 7 ግራም ይይዛል። እዚያው መስኮት ላይ ሌላም ልዩነት ይታያል፤ ክብደቱ በነጥብ እየተከፈለ የሚነበብ ተከታታይ መረጃ ነው፣ የቀለበቶቹ ብዛት ግን አንድ፣ ሁለት እየተባለ የሚቆጠር ነው።

የመለኪያው ዓይነት ስለታወቀ ብቻ መረጃው ይታመናል ማለት አይደለም። ዕድሜ ሬሾ ነው። ይሁንና በአገራችን ቆጠራዎች የልደት ቀኑን በትክክል የማያውቅ ሰው ብዙ በመሆኑ፣ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ከጎረቤቶቻቸው እጅግ በዝተው ይገኛሉ። 40 ተብሎ የተመዘገበው 38 ወይም 43 ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው ባለሙያዎች ዕድሜን በአምስት በአምስት ዓመት መድበው የሚያቀርቡት፣ ከዚያ በፊትም ክምችቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚለኩት።