ሰኔ 30 አይራዘምም

ዲመካ የሐመር ወረዳ መቀመጫ ናት። እዚያ የተመደበ የመንግሥት ባለሙያ አንድ ቀን ፈጽሞ አይዘነጋም፤ ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል፣ ሥራ ላይ ያልዋለው ገንዘብም ተመላሽ ይሆናል። ዕቅዱ ሐምሌ ላይ ሲጸድቅ ግን የበልጉ ዝናብ የትኛውን መንገድ እንደሚቆርጥ፣ አርብቶ አደሩም ከብቱን ወዴት እንደሚነዳ ማንም አያውቅም። መዝጊያው ቀን የታወቀ፣ መሐሉ የማይታወቅ ሥራ ነው። አጃይል የተባለው የፕሮጀክት አመራር የመሠረታዊ ደረጃ ሥልጠና ለእንዲህ ያለ ሰው የኮምፒውተር ሠራተኞች ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። ቢሆንም ለዚህ ችግር ከሱ የቀረበ ትምህርት አላየሁም።

ስያሜው የገነነው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ስኖውበርድ በተባለ ቦታ 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች ተሰብስበው አጭር መግለጫ አወጡ። ሐሳቡ ግን ከዚያ ይቀድማል። ከምንጮቹ አንዱ ታኬውቺና ኖናካ የተባሉ ጃፓናውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ጽሑፍ ሲሆን፣ ሌላው የቶዮታ የአመራረት ዘዴ ነው። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ አንባቢ ዘመድ ያገኛል። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቁሞ ያስፋፋው ትምህርትም ከዚሁ ከጃፓን ፋብሪካ የተቀዳ ነውና።

ለሥራ ላይ ባለሙያዎች ከሚሰጡት ሥልጠናዎች አንዱ አጃይል ፒኤም ይባላል። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1994 እንግሊዝ አገር ውስጥ በተጀመረው ዲኤስዲኤም በተባለ ዘዴ ላይ ነው። ፋውንዴሽን የተባለው የመጀመሪያው ደረጃ ቅድመ ሁኔታ አይጠይቅም፤ በጥቂት ቀናት ተምሮ የምርጫ ፈተና መውሰድ ነው። ፈተናውን በኢንተርኔት መውሰድም ይቻላል።

የትምህርቱ እምብርት እንዲህ ነው። በለመድነው አሠራር የሥራው ዝርዝር ይቆለፋል፤ ሲቸግር ጊዜው ይገፋል፣ ገንዘቡ ይጨመራል፣ አለዚያም ሲሚንቶው ይቀነሳል። ዲኤስዲኤም ይህን ይገለብጠዋል። ጊዜ፣ ገንዘብና ጥራት ይቆለፋሉ፤ የሚላላው ዝርዝሩ ነው። ለዚህም እያንዳንዱ ሥራ ከአራት መደብ በአንዱ ይገባል፦ የግድ፣ ቢኖር የሚገባ፣ ቢኖር ጥሩ፣ ለአሁኑ የሚቀር። «የግድ» የተባለው ከጠቅላላው ጉልበት ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ ይመከራል። የቀረው ለዝናቡ፣ ለዘገየው ግዢ፣ ለተበላሸችው መኪና መተንፈሻ ይሆናል።

አከራካሪው ነገር «የግድ»ን የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። ወረዳው በአንድ መንደር የውኃ ተቋም ሊሠራ ነው እንበል። ከጂንካ የመጣው መሐንዲስ በወረቀቱ ላይ ፓምፑን፣ ማጠራቀሚያውንና የሰው መቅጃ ቦኖውን «የግድ» ብሎ፣ የከብት ማጠጫ ገንዳውን ወደ «ቢኖር ጥሩ» ይገፋው ይሆናል። ሐመሩ አባወራ ግን ኑሮው ከብት ነው፤ ገንዳ ከሌለ የተጠማው መንጋ ቦኖውን ረግጦ ያልፋል፣ የሰው መቅጃ የተባለውም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ገንዳው «የግድ» ውስጥ ይገባል፤ አጥሩና የልብስ ማጠቢያው ወደ ታች ይወርዳሉ። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፣ ከመጀመሪያው ቀን ተጠቃሚውን አብሮ ማስቀመጥ ይበቃል። ሥልጠናው የተጠቃሚውን ተወካይ የቡድኑ አባል የሚያደርገው ለዚህ ነው፤ ሪባን ሲቆረጥ ለማጨብጨብ ብቻ እንዲጠራ አይደለም።

ሥራው በአጫጭር ጊዜ ይከፈላል፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፤ በየመጨረሻውም የተሠራው ለባለጉዳዩ ይታያል። ዲመካ ለዚህ የራሷ ቀን አላት። ቅዳሜ ገበያ ከየአቅጣጫው ሰው ይሰበሰባል፤ ሽማግሌዎቹን ለማግኘት ነዳጅ ማቃጠል አያስፈልግም። ሴቶቹን ግን ቅቤያቸውንና እህላቸውን ሳይሸጡ ለስብሰባ መጥራት ሞኝነት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይሻላል።

ሁሉንም ሥራ በዚህ መንገድ መምራት ግን አይቻልም። ጥልቅ ጉድጓድ ግማሹ ተቆፍሮ አስተያየት አይሰበሰብበትም፤ ውኃው እስኪገኝ ይወረዳል። የጨረታ ሕግም ዝርዝሩ አስቀድሞ እንዲጻፍ ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ሪፖርቱ ነው። የለመድነው ቅጽ አፈጻጸምን በመቶኛ ይጠይቃል፤ «ቦኖውና ገንዳው አገልግሎት ጀምረዋል፣ አጥሩ በምክክር ለከርሞ ተላልፏል» የሚል መልስ እዚያ ቅጽ ላይ እንደ ጉድለት ይነበባል። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ብቻ ሠልጥኖ ቢመለስ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ግምገማ ላይ ይረታል። በሥልጠናው ወንበር ላይ አብሮት መቀመጥ ያለበት ያንን ሪፖርት የሚፈርመው ኃላፊ ነው።